ሞተሩ የጠፋበት የጭነት አይሮፕላን ለምን ይወድቃል?

ከአረካ ዝንጅብል ጭኖ ወደ ሶዶ የሚመጣ አይሱዙ በመንገድ ላይ ሞተሩ ቢጠፋበት፣ ሾፌሩ ዳር ይይዛል፤ ረዳቱም ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል። የሚባክነው ጊዜ ብቻ ነው። በሰማይ ላይ ግን ዳር የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን፣ በፊዚክስ ትምህርት ካገኘሁትና ካነበብሁት ውስጥ ስለ ጭነት አይሮፕላንና ስለ ሞተር መጥፋት ጥቂት ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ብዙ ሰው ሞተር ሲጠፋ አይሮፕላን እንደ ድንጋይ ቁልቁል የሚወርድ ይመስለዋል። ይህ ትክክል አይደለም። አይሮፕላንን በአየር ላይ የሚይዘው ክንፉ ነው፤ የሞተሩ ሥራ ክንፉ አየሩን እየቀደደ እንዲሄድ ወደፊት መግፋት ነው። በጣም ከፍ ብሎ የሚበር አይሮፕላን ሞተሮቹ ሁሉ ቢጠፉ እንኳ እንደ ጭልፊት እየተንሳፈፈ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ነገሩ የሚከፋው ከመሬት በተነሣባት ደቂቃ ነው። ያን ጊዜ ከፍታ የለውም፤ ፍጥነቱ ገና ነው፤ ነዳጁም ጭነቱም ሙሉ ነው።

ሁለት ሞተር ያለውን እንውሰድ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገበት ሲ 47፣ በጦርነት ጊዜ ለጭነት የተሠራ፣ እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች የነበሩት አይሮፕላን ነው። ለምሳሌ ያህል የሁለት ሞተሮች ግፊት 100 ነው እንበል። 60ው የአየሩን ተቃውሞ ለመቋቋም ቢውል፣ ወደ ላይ ለመውጣት የሚተርፈው 40 ነው። አንዱ ሲጠፋ 50 ይቀራል፤ የሚያስፈልገው ግን 60 ነው። የጠፋው ግማሹ ጉልበት ቢሆንም ትርፉ ሁሉ አልቋል! በዚህም ላይ የቀረው ሞተር በአንድ ወገን ብቻ ስለሚገፋ፣ ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ሲተኛ ቀንበሩ እንደሚዞር፣ አፍንጫው ወደ ሞተው ሞተር ወገን ይዞራል። አብራሪውም በእግሩ የጅራቱን መሪ ረግጦ ማቅናት አለበት። እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስ፣ ጭነቱ የሚወሰነው አይሮፕላኑ በአንድ ሞተር ብቻ እንኳ መውጣት እንዲችል ተደርጎ ነው። ከመነሣት በፊትም አንድ የውሳኔ ፍጥነት ይሰላል። ሞተር ከዚያ ፍጥነት በፊት ቢጠፋ ፍሬን ተይዞ ይቆማል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ማኮብኮቢያው ስለማይበቃ መነሣት ግድ ነው።

በአገራችን ሞተር በመጥፋቱ ከደረሱት አደጋዎች በጣም የታወቀው በጭነት አይሮፕላን ሳይሆን በመንገደኞች አይሮፕላን የደረሰው ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አንዱ ሞተር ወዲያው ጉልበቱን አጣ። በዚያ ብቻ ቢቀር ተመልሶ ለማረፍ ተስፋ ነበረው፤ ነገር ግን ወደ ማረፊያው ሲመለስ ሁለተኛውም ከዳው። አይሮፕላኑ ጎማውን ሳያወርድ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35 ሞቱ። አንድ ርግብ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። በየቤታችን ጣሪያ ላይ ስለሚያርፍ ማንም አይፈራውም።

የጭነቱን ነገር ለመረዳት ደግሞ ወደ ሆላንድ አገር እንሻገር። መስከረም 24 ቀን 1985 ዓ.ም. የእስራኤል አየር መንገድ የኤል አል ቦይንግ 747 ከ110 ቶን በላይ ጭነት ይዞ ከአምስተርዳም ተነሣ። አንዱን ሞተር ከክንፉ ጋር የሚያያይዘው ፒን ብረቱ ደክሞ ተሰንጥቆ ነበርና ተሰበረ። በቀኝ በኩል ያለው ሦስተኛው ሞተር ተገንጥሎ አራተኛውን መታው፤ ሁለቱም ወደቁ። አብራሪዎቹ ከተቀመጡበት ሞተሮቹን ማየት ስለማይችሉ፣ የጠፉ እንጂ የወደቁ አልመሰላቸውም፤ የክንፉ የፊት ጠርዝ መቀደዱንም አላወቁም። በፍጥነት ሲበሩ ቁስለኛው ክንፍ ይዟቸው ነበር። ለማረፍ ፍጥነት ሲቀንሱ ግን መያዝ አልቻለም፤ ከፎቅ መኖሪያ ቤቶች ላይ ወደቁ። በአይሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 4 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ በየቤታቸው ሳሉ የሞቱት 39 ነበሩ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ እራት ለማቅረብ የተነሣች እናት ከጭነቱ ጋር ምን አላት?

ይህ ሁሉ እኛን የሚመለከተን ስለ ከፍታችን ነው። ሶዶ በዓለም የአይሮፕላን ማረፊያዎች መዝገብ ኤስ ኤክስ ዩ የሚል ምልክት አላት፤ ከተማዋም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋለች። በባሕር ዳርቻ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ 1 ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በ2,000 ሜትር ከፍታ፣ 25 ዲግሪ በሆነ ቀን ግን 0.93 ያህል ብቻ ነው። ክንፉም ሞተሩም የሚሠሩት በዚህ በሳሳ አየር ነው። ክንፍ የሚሸከመው ክብደት በአየሩ ክብደትና በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ በባሕር ዳርቻ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚነሣ አይሮፕላን እዚህ 230 ያህል መድረስ አለበት። ስለዚህ ወይ ማኮብኮቢያው ይረዝማል ወይ ጭነቱ ይቀነሳል። ነጋዴ ሁሉ ጥቂት ኩንታል ቢጨመርለት ደስ ይለዋል፤ ያ ትርፍ ኩንታል ግን የሚቀነሰው ለሞተር መጥፋት ከተጠበቀው ጉልበት ላይ ነው።

ስሌቱን ራሱ ሠርቶ ማየት የሚወድ ጓደኛ ቢኖር አርባ ምንጭን ይሞክር። ከፍታዋ 1,200 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 1.025 ነው። 1.225ን ለ1.025 አካፍሎ፣ የድርሻውን ስኩዌር ሩት አውጥቶ፣ በ200 ያባዛው። ወደ 219 የሚጠጋ ቁጥር ያገኛል።