የእረኛው ልጅ አደራ

በአገራችን ገጠር የሚያድግ ልጅ ገና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነው በትር ይሰጠውና ከብት እየነዳ ወደ መስክ ይወጣል። አባቱ የሚሳሳለት ሀብት ሁሉ፥ ላሙም በሬውም በጉም፥ ከጠዋት እስከ ማታ በዚህ ሕፃን እጅ ይውላል። ለትልቅ ሰው እንኳ የሚከብድ አደራ በዚህ ዕድሜ ሲሰጠው አብረን የምንሰጠው ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ እርስዋም «እንዳይጠፋብህ» የምትል ናት። እንዲህ ብሎ ማዘዝ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከብቱ ሳይጠፋም ሊጐዳና ሊሞት ይችላል፤ ልጁም ከብቱን ሳያጠፋ እውነተኛነቱን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ እረኛውን ልጅ ምን ልናስተምረው እንደሚገባ ጥቂት ለማስታወስ እወዳለሁ።

ቅዱሳት መጻሕፍት ከብት መጠበቅን እንደ ተራ ሥራ አይቈጥሩትም። አባታችን ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ጋር በታረቀ ጊዜ፥ ዔሳው አብረን እንሂድ ቢለው፥ የሚያጠቡ በጎችና ላሞች እንዳሉት፥ አንድ ቀን እንኳ አጣድፎ ቢነዳቸው መንጋው እንደሚያልቅበት አስረድቶ፥ በመንጋውና በልጆቹ እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ ተጓዘ (ዘፍ. 33፥ 13–14)። መልካም እረኛ በራሱ ችኰላ ሳይሆን በደካማው እንስሳ አቅም የሚሄድ መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ሙሴም በሕጉ የሚያበራየው በሬ አፉ እንዳይታሰር፥ በሬና አህያም ባንድነት ተጠምደው እንዳያርሱ ከልክሏል (ዘዳ. 25፥ 4፤ 22፥ 10)። ከዚህም በላይ የጠላት አህያ ሸክም ከብዷት ወድቃ ብትገኝ አልፎ መሄድ እንደማይገባ አዟል (ዘፀ. 23፥ 5)። ጠቡ በሰዎች መካከል ነው፤ ሸክሙ ግን ያለው በአህያዪቱ ጀርባ ነውና እርስዋ ስለ ጌታዋ ጠብ ልትቀጣ አይገባም።

የሰንበትም ትእዛዝ ከቤተ ሰብ ጋር ከብትን ቈጥሮ ያሳርፋል። በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ካጸና ወዲህ በደጋው አገራችን በእነዚህ ቀናት ቀንበር ይፈታል። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ለአምልኮ ነው፤ በሬውም ከዚህ የተነሣ በሳምንት ሁለት ቀን ያርፋል።

ይህን ሁሉ እኔ የተማርሁት ዘግይቼ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት እደግም ነበር፤ ትምህርት በማይኖርበት ቀን ግን ተራ ሲደርሰን የጎረቤቱን ከብት አንድ ላይ እጠብቅ ነበር። በመስከረም ወር አንድ ቀን ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ከብቱን አወጣሁና ከጓደኞቼ ጋር ገበጣ ስጫወት አንድ በሬ ከአተር ማሳ ገብቶ ለጋውን አተር እስኪጠግብ በላ። በሬው የአንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ነበር። ሌላ በሬ ስላልነበራት ከአባቴ ነጠላ በሬ ጋር በመቀናጆ እየተጠመደ የሁለታችንንም ቤት መሬት ያርስ ነበር። ጥቂት ቈይቶ የበሬው ግራ ጎን እንደ ከበሮ ተነፋ፤ መተንፈስም አቃተው፤ ሰው ጠርቼ እስክመለስ ሞቶ አገኘሁት።

ምን ሆነ ብለው ቢጠይቁኝ «ጠዋትም ደኅና አልነበረም፤ ታሞ ነው የወጣው» ብዬ ዋሸሁ። ባልቴቲቱም ቃሌን አምነው «ሳላስተውለው አወጣሁት፤ እኔው ነኝ የገደልሁት» እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ ሰማሁ፤ ነገር ግን ዝም አልሁ። ጊዜው የሽምብራ ዘር ነበርና የእርሳቸውም የአባቴም መሬት ያን ዓመት ጦም አደረ።

ሁለት ዓመት አልፎ ወደ ዜማ ትምህርት ቤት ለመሄድ ስነሣ ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። እርሳቸውም «እግዚአብሔርስ ያውቀዋል፤ የማያውቁት እርሳቸው ናቸውና ሄደህ ንገራቸው» አሉኝ። ሄጄ ስነግራቸው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና «ልጄ፥ በሬስ ይሞታል፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በራሴ ላይ ስፈርድ ኖርሁ» አሉ። ቀጥለውም «በጤዛ ላይ ያለ አተር በሬ እንደሚነፋ የነገረህ ሰው አልነበረም?» ብለው ጠየቁኝ። አልነበረም። ቸልታውና ውሸቱ የእኔ ነበሩ፤ አለማወቄ ግን ያላስተማሩኝ የታላላቆቼ ዕዳ ነበር። እንግዲህ እረኛ የሚሆን ልጅ ከመውጣቱ በፊት ሊያውቃቸው የሚገባውን ከዚህ ቀጥሎ በተራ እንመልከት።

አንደኛ፤ ስለ ግጦሽ። ለጋ አተር፥ ባቄላና ይህን የመሳሰለ እርጥብ ቡቃያ በከብት ሆድ ውስጥ አረፋ ይፈጥራል፤ አየሩም በግሣት መውጣት ስለማይችል ሆድ ተነፍቶ ሳንባን ይጫናል። ስለዚህ ጤዛው እስኪረግፍ መቈየት፥ ከብቱንም አስቀድሞ ገለባ ወይም ድርቆሽ ማብላት ይገባል። የተነፋ ከብት ቢገኝ ፊቱን ወደ ዳገት አድርጎ ማቆምና ሳይዘገዩ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ስለ ውኃ። ልጅ ከብቱን ቅርብ ወደ ሆነው ረግረግ መንዳት ይቀናዋል። ነገር ግን በረግረግ ውኃ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ የጉበት ትልን ያሳድጋል፤ ትሉም በውኃው ዳር ካለው ሣር ጋር ወደ ከብቱ ሆድ ገብቶ ጉበቱን ይበላዋል። እንዲህ ያለው ከብት እየበላ ይከሳል፤ ባለቤቱም ምክንያቱን አያውቅም። ስለዚህ ጥቂት ራቅ ቢልም ወደሚፈስ ንጹሕ ውኃ መንዳት ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ስለ ጥጃ። እንገር በቤታችን የሚወደድ ምግብ ነው፤ ልጆችም ይሻሙበታል። ሆኖም ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታን የሚከላከል ኀይል የለውም፤ ይህን ኀይል የሚያገኘው ከእናቱ እንገር ነው። ሆዱም ይህን ሊቀበል የሚችለው በተወለደበት ቀን፥ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ነው። እንግዲህ አስቀድሞ ጥጃው ይጥገብ፤ ለቤት የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነው።

አራተኛ፤ ስለ በትርና ስለ ሸክም። በቡሄ ጊዜ ልጆች የሚያጮሁት ጅራፍ ደስ ያሰኛል፤ ጅራፍ ግን የሚጮኸው በአየር ላይ ነው እንጂ በቆዳ ላይ አይደለም። በብዙ መንገድ ላይ ጀርባዋ ቈስሎ ዝንብ የወረራት አህያ ተጭና ስትሄድ ልጅ ቍስሏን በበትር እየወጋ ሲነዳት እናያለን። ይህን ያስተማረው ቀን በቀን የሚያየው የታላቆቹ ሥራ ነው። ወፍራም ድብዳብ ማድረግ፥ ሸክሙን በሁለቱ ወገን ማስተካከል፥ የቈሰለችውንም እስክትድን ማሳረፍ በቃልም በሥራም ሊያሳዩት ይገባል። ከእርሱ የሚደክመውን፥ መናገርም የማይችለውን ፍጥረት ማንም ሳያየው መምታት የለመደ ልጅ ነገ ሚስቱንና ልጆቹን እንዴት አድርጎ ይይዛል?

አምስተኛ፤ ስለ በሽታ። በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከሌላ አካሉ የማይረጋ ደም የሚፈስሰው ከብት አባ ሰንጋ ይዞት ሊሆን ይችላል። ሥጋው አይበላም፤ ቆዳው አይገፈፍም፤ ሬሳው ሳይከፈት ጥልቅ ጕድጓድ ተቈፍሮ ይቀበራል። የበሽታው ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራልና። «ሥጋው ከሚጠፋ» ተብሎ የተካፈሉት ሥጋ ሰውንም ይገድላል። መድኃኒቱ አስቀድሞ ማስከተብ ነው።

ክትባት ምን እንደሚጠቅም ለመረዳት ያለፈውን ታሪክ እናስታውስ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገራችን የሆነው ክፉ ቀን ዋና መነሻው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ነበር። ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል ከመጡ ከብቶች ጋር ገብቶ ከአገሩ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ሰው በረኃብ አለቀ። ዐፄ ምኒልክም ሕዝቡ ያለ በሬ በእጁ ቈፍሮ እንዲዘራ ምሳሌ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ በታሪክ ይነገራል። ያ በሽታ ዛሬ የለም፤ አገሮች ተባብረው ባደረጉት ክትባትና ጥበቃ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታውጇል። ሌሎቹ በሽታዎች ግን ገና አልጠፉም። ስለዚህ ከታቢዎች ወደ መንደር ሲመጡ ከብትን መደበቅ የአያቶቻችንን መከራ መርሳት ነው።

እንግዲህ ይህን ትምህርት ማን ይስጥ? ወላጆች ልጃቸውን ወደ መስክ ከመስደዳቸው በፊት ጥቂት ቀን አብረው ወጥተው ያሳዩት። ካህናት አባቶችም ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን የክትባቱን ቀን ማስታወቅ ይችላሉ፤ የእንስሳት ሐኪም ሲገኝም ከዐውደ ምሕረቱ በታች ልጆችን ሰብስቦ እንዲያስተምር ቢጋብዙ ክህነታቸውን አያጐድፍም። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ያለውን ደንም ከብት ገብቶ ቡቃያውን እንዳይረግጥ ለእረኞቹ ማስረዳት ይገባል።

ስለ ከብት ብለን ግን ልጁን አንበድለው። ከትምህርት ቤት ቀርቶ ዓመቱን ሙሉ ከብት የሚከተል ሕፃን ራሱ እረኛ እንደሌለው በግ ነው። ተራ ገብቶ መጠበቅ፥ ድርቆሽ በጊዜው አጭዶ ከብቱን በቤት መመገብ፥ የከብቱንም ቍጥር ከግጦሹ ጋር ማመጣጠን ለከብቱም ለመሬቱም ለልጁም ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ ግን ልጁ ጥፋቱን ሳይፈራ እንዲናገር እናስለምደው። በሬ ሞተብኝ ብሎ የመጣውን ልጅ አስቀድመን በዱላ ከተቀበልነው በሚቀጥለው ጊዜ ውሸት ይዞ ይመጣል። እኔ ከዚያ መስክ ይዤ የገባሁትን ውሸት ለማውጣት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ልጆቻችን ግን ማታ ከብቱን ሲያስገቡ እውነቱንም አብረው ይዘው እንዲገቡ የቤታችንን በር እንክፈትላቸው። ይህንም ለማድረግ እግዚአብሔር ማስተዋሉን ይስጠን።