የቮልስ ሞተር ሲለወጥ ፍሬኑ ምን ይሆናል?

በተለምዶ «ቮልስ» የምንላት አነስተኛ መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ምርቷ እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። በእነዚያ ዓመታት ሞተሯ ደጋግሞ ሲሻሻል፣ ሁሉን የሚሸከመው የወለል አካል ግን መሠረታዊ ቅርጹን አልለቀቀም። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው። ስለዚህ የ1200ን ሞተር አውርዶ የኋለኛውን 1600 መስቀል ለጋራዥ ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። እኛ እዚህ የምንመረምረው ሞተሩ ይገጥማል ወይ የሚለውን ሳይሆን፣ ከገጠመ በኋላ የቀረው የመኪናው ክፍል ምን እንደሚሸከም ነው።

የ1200ው ሲሊንደር ስፋት 77 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 64 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1600ው እነዚህ ልኬቶች 85.5 እና 69 ይሆናሉ። አንባቢ የሲሊንደርን ይዘት ቀመር ወስዶ በአራት ቢያባዛ 1192 እና 1584 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያገኛል። ኃይሉም ከ34 ወደ 50 የፈረስ ጉልበት ያድጋል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ቮላኖው ነው። የባለ 6 ቮልቱ ሞተር ቮላኖ 109 ጥርስ ሲኖረው የባለ 12 ቮልቱ 130 ጥርስ ያለውና በመጠንም ተለቅ ያለ ነው። ስለዚህ የአሮጌው ካምቢዮ ቤት ከውስጥ ካልተሞረደ ይነካዋል፤ ሞተሪኖውም አብሮ መታሰብ አለበት። ይህ ችግር ቁልፉ እንደዞረ ራሱን ስለሚያጋልጥ ብዙ አያሰጋንም።

የሚያሰጋው ድምፅ የሌለው ነው። የአየር ተቃውሞ በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ እሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል በፍጥነት ኩብ ያድጋል። 50ን ለ34 አካፍለን ሦስተኛ ሥሩን ብንወስድ 1.14 ያህል እናገኛለን። የ1200ዋ ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 115 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ስሌቱ 131 ይሰጠናል፤ ፋብሪካው ለ1600ዋ የገለጸው 130 ነው። ለእንዲህ ያለ ቀላል ስሌት የሚያስደስት ውጤት ነው!

ፍሬኑ ግን የሚከፍለው በፍጥነት ካሬ ነው። ከነተሳፋሪዎቿ 1000 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በ115 ስትበር የእንቅስቃሴ ጉልበቷ 510 ኪሎ ጁል ያህል ነው፤ በ130 ደግሞ 650 ይደርሳል። ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ለ34 የፈረስ ጉልበት በተሠሩት አሮጌ ከበሮዎች ውስጥ ነው።

«በአዲስ አበባ ከፍታ ሞተሩ ስለሚደክም ስጋቱ ይቀንሳል» የሚል ሊኖር ይችላል። በ2400 ሜትር ገደማ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ሞተሩ በእርግጥ ይደክማል። ነገር ግን የአየሩ ተቃውሞም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በሜዳ ላይ የሚደረስበት ፍጥነት እምብዛም አይለወጥም። ድካሙ የሚታየው ዳገት ላይ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ የስበት ኃይል ስለ አየሩ መሳሳት አይጠይቅም።

ፋብሪካው ራሱ ይህን ስሌት ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ሞተሩን ወደ 1500 ሲያሳድግ በአውሮፓ ገበያ ለሚሸጠው መኪና የፊት ዲስክ ፍሬን ጨምሮለታል። ከ1965 በፊት በተሠሩት ላይ ግን የፊት አክስሉ አሠራር የተለየ ስለሆነ፣ ሞተሩ በአራት ብሎን እንደሚገባ ዲስኩ በቀላሉ አይገባም።