የደም ግፊት መድኃኒቶች በሰውነት ውስጥ እንዴት ይሠራሉ? በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅትስ ለምን አይቋረጡም?

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ የደም ግፊት ታካሚዎችን ያሳሰበ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ይኸውም አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ለቫይረሱ በር ይከፍቱ ይሆን ወይ የሚል ነው። መድኃኒትን በፍርሃት ማቋረጥ ግን ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ይህ ትምህርት መድኃኒቶቹ የሚሠሩበትን መንገድ በመግለጽ ለጥያቄው መልስ ይሰጣል።

የደም ግፊት ምንድን ነው?

የደም ግፊት ማለት ልብ የሚረጨው ደም በደም ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው ቁጥር 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍተኛ የደም ግፊት ይባላል። ግፊቱን በዋናነት የሚወስኑት የልብ ምት ፍጥነትና ኃይል፣ በቧንቧዎቹ ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ መጠን እንዲሁም የቧንቧዎቹ ጥበት ናቸው። መድኃኒቶቹም የሚሠሩት በእነዚሁ ላይ ነው።

ዋና ዋናዎቹ የመድኃኒት ዓይነቶች

1. ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች፦ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ኩላሊት ጨውንና ውኃን በሽንት እንዲያስወግድ ያደርጋል። ፈሳሹ ሲቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል። ጨው የበዛበት ምግብ ግን የመድኃኒቱን ጥቅም ያሳንሳል።

2. የደም ቧንቧን የሚያሰፉ መድኃኒቶች፦ የቧንቧ ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ወደ ሕዋሳቱ ሲገባ ነው። አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን ይህን መግቢያ ስለሚገቱ ጡንቻው ይላላል፤ ቧንቧውም ይሰፋል።

3. የልብ ምትን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች፦ አቴኖሎል አድሬናሊን በልብ ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ይገታል። በድንገት ከተቋረጠ የልብ ምት ሊፈጥን፣ የደረት ሕመምም ሊከተል ይችላል።

4. የአንጂዮቴንሲንን ሥራ የሚገቱ መድኃኒቶች፦ አንጂዮቴንሲን 2 የተባለው ሆርሞን ቧንቧዎችን ያጠብባል፤ ጨውና ውኃም በሰውነት ውስጥ እንዲቀሩ ያደርጋል። ኢናላፕሪል ይህን ሆርሞን የሚያስገኘውን ኤሲኢ የተባለ ኤንዛይም ይገታል። ሎሳርታን ደግሞ ሆርሞኑ የሚያርፍበትን ተቀባይ ይዘጋል። ሁለቱም በእርግዝና ወቅት አይወሰዱም።

ስጋቱ ከየት መጣ?

ስጋቱ የተነሣው በአራተኛው ዓይነት መድኃኒቶች ላይ ነው። የኮቪድ-19 ቫይረስ ወደ ሕዋስ የሚገባው ኤሲኢ-2 በተባለ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው። ኤሲኢ-2 በስም ከኤሲኢ ጋር ቢቀራረብም ሥራው የተለየ ነው፤ ኢናላፕሪልም አይገታውም። ይሁን እንጂ በእንስሳት ላይ የተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች መድኃኒቶቹ የኤሲኢ-2ን መጠን ሊጨምሩ እንደሚችሉ በማመልከታቸው ጥርጣሬ ተፈጠረ።

ጥርጣሬው በሰዎች ላይ ተፈትኗል። በብራዚል በኮቪድ-19 ምክንያት ሆስፒታል የገቡና እነዚህን መድኃኒቶች ይወስዱ የነበሩ 659 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ መድኃኒቱን ለ30 ቀናት እንዲያቋርጡ፣ ግማሾቹ እንዲቀጥሉ ተደረገ። በ2013 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በሕይወትና ከሆስፒታል ውጭ በቆዩባቸው ቀናት ብዛት በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ማቋረጡ ጥቅም አላስገኘም።

ታካሚው ምን ማድረግ ይገባዋል?

• ከፍተኛ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ስለሆነም «ደኅና ነኝ» ብሎ መድኃኒት ማቆም ለስትሮክ፣ ለልብና ለኩላሊት ሕመም ያጋልጣል።
• መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ወይም ደውሎ ማስሞላት ይገባል።
• በኮቪድ-19 የተያዘ ሰው በራሱ ውሳኔ መድኃኒቱን አያቁም። ብርቱ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ሲነሡ የማዞር ስሜት ካለ ግን ሰውነት ፈሳሽ አጥቶ ሊሆን ስለሚችል ጤና ባለሙያን በአስቸኳይ ማማከር ያስፈልጋል። ባለሙያው አንዳንዱን መድኃኒት ለጊዜው ሊያስቆም ይችላል።
• ለትኩሳትና ለሕመም ማስታገሻ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሳያማክሩ መውሰድ ግፊትን ሊጨምርና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።
• ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም የታዘዘን መድኃኒት አይተኩም።

የደም ግፊት መድኃኒት የሚጠቅመው በየዕለቱ በሰዓቱ ሲወሰድ ነው። በወረርሽኝ ወቅት እጅን መታጠብና ማስክ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ የታዘዘን መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድም የመከላከል አንዱ ክፍል ነው።