ልጁ በውሎው ይታወቃል

ልጅ ሲያተኩሰው እናት እጇን ግንባሩ ላይ አድርጋ ታውቃለች። የጤና ሠራተኛም በቴርሞሜትር ይለካዋል። የአእምሮ ሕመም ግን በእጅ አይዳሰስም፤ በቴርሞሜትርም አይለካም። ታዲያ መባሱን ወይም መሻሉን በምን እናውቃለን? በልጁ የዕለት ውሎ ነው።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ተመድበን በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ በተሠራበት በጋፋት የምናስተምር ተማሪዎች፣ ከወላጆች ጋር ስንወያይ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስም ነው። «ሰነፍ ነው»፣ «ዓመለኛ ናት»፣ «ልክፍት ነው» ይባላል። ስም ማውጣት ቀላል ነው። ስሙ ግን ልጁ ምን እንዳቃተው አይነግረንም። አንዳንዴ ዱላ ያስከትላል፤ አንዳንዴም ልጁን ከሰው ዓይን ያስደብቃል። የተደበቀ ልጅ ደግሞ ሕክምና አያገኝም።

ስሙ ለምን አይበቃም?

በደጋው አገር ልጅ ሥራ አይፈታም። በግ ይጠብቃል፤ ውሃ ይቀዳል፤ ኩበት ይለቅማል፤ ታናሹን ያዝላል፤ ይማራል፤ ይጫወታል። የአእምሮ ሕመም የሚገባው በዚህ ውሎ መካከል ነው። ሁለት ልጃገረዶች አንድ ዓይነት የፍርሃት ሕመም አለባቸው እንበል። አንደኛዋ እየፈራችም ቢሆን ትማራለች። ሁለተኛዋ ከደጃፍ መውጣት ትታለች። የሕመሙ ስም አንድ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን ይለያያል።

ሌሎች እንዴት ይለካሉ?

እንግሊዛዊው ሐኪም ሮበርት ጉድማን እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት የልጆች መጠይቅ 25 ነጥቦች አሉት። ተጨማሪው ክፍል ደግሞ ችግሩ የቤት ኑሮን፣ ጓደኝነትን፣ ትምህርትንና የዕረፍት ጊዜን ምን ያህል እንደሚያውክ ይጠይቃል። ዩኒሴፍና የዋሽንግተን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ያቀረቡት መጠይቅም ከ2 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ነው።

በአገራችን ካሳሁን ሀብታሙና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከሕመምተኞችና ከአስታማሚዎች ጋር ተነጋግረው መለኪያ አዘጋጅተዋል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። የተዘጋጀው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው አዋቂዎች እንጂ ለልጆች አይደለም። ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ይሆናል፤ መለኪያ ከአገሬው ኑሮ መነሳት አለበት።

እኛስ ምን እንጠይቅ?

1. ልጁ ይታጠባል? ይለብሳል? ይበላል? ይተኛል?
2. ለዕድሜው የሚመጥነውን ሥራ ጀምሮ ይጨርሳል?
3. ትምህርት ቤት ይሄዳል? ትምህርቱን ይከታተላል?
4. ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል?
5. ከቤተሰቡ ጋር ይጨዋወታል?

ለያንዳንዱ ጥያቄ ከአራት መልሶች አንዱን እንያዝ፦ አያስቸግረውም፤ በመጠኑ ያስቸግረዋል፤ በጣም ያስቸግረዋል፤ ፈጽሞ አይችልም። ከዚያ ባለፉት 30 ቀናት ስንት ቀን እንደተቸገረ እንጻፍ። ይህ የበሽታ ስም ለማውጣት አይደለም። ያ የሐኪም ሥራ ነው። የእኛ ድርሻ ያየነውን በትክክል መናገር ነው።

ስንለካ እንጠንቀቅ

አንደኛ፣ ልጁን ከእኩዮቹና ከቀድሞ ሁኔታው ጋር እናስተያይ። «ይህ ልጅ ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚለው የእናት ቃል እኮ ትልቅ መረጃ ነው።

ሁለተኛ፣ አለመቻልን ከማጣት እንለይ። በአጨዳ ጊዜ ከትምህርት የቀረ ልጅ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም። ደብተር አጥቶ የቀረም አለ።

ሦስተኛ፣ ልጁን ራሱን ለብቻው እንጠይቅ። እናት የቤቱን ታያለች፤ መምህር የክፍሉን ያያል። የልቡን የሚያውቀው ግን ልጁ ነው። በጎቹን ሳያጠፋ አግብቶ ሌሊቱን ሲያለቅስ የሚያድር ልጅ አለ። ሥራ መሥራቱ ብቻ ጤነኛ አያሰኘውም።

ከዚያስ?

ያየነውን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንንገር፤ ልጁንም ጤና ጣቢያ እንውሰድ። ፀበል የሚወስድ ወላጅ ፀበሉን ሳይተው ሕክምናውንም ያስከትል። ማሰርና መግረፍ ግን ሕመሙን ያብሳል እንጂ አያድንም። ልጁ ስለ መሞት ከተናገረ ወይም ራሱን ሊጎዳ ከሞከረ ቀን መቁጠር የለም፤ ብቻውን ሳንተወው በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና እናድርሰው።

ሕክምና ከተጀመረም በኋላ በየወሩ ያንኑ እንጠይቅ። ለምሳሌ ያህል በአንድ ወር 15 ቀን ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ በሚቀጥለው ወር የቀረችው 6 ቀን ቢሆን፣ ገና አልዳነች ይሆናል፤ ነገር ግን እየተሻላት ነው። ይህን ያልቆጠረ ወላጅ «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ ሕክምናውን ሊያስቋርጣት ይችላል። ቁጥሩ የሚጠቅመን ለዚህ ነው። ቁጥሩ ካልተለወጠ ወይም ከባሰም ለሐኪሙ እንንገረው፤ ሌላ መላ ይፈልጋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ የ10 ዓመት ልጅ በቀን ምን ምን ይሠራል?
2. «ሰነፍ» የሚባል ልጅ በእርግጥ ሰነፍ ነው ወይስ አቅቶት ነው? በምን ትለያላችሁ?
3. አንድን ልጅ ከቀድሞ ሁኔታው ጋር ማስተያየት ለምን ይጠቅማል?