ሽጉጥን ማስረጀትና ሕጉ

ቡሬ አካባቢ የሚኖሩ አንባቢ «ፈቃድ ያለው አዲስ ሪቮልቨር አለኝ። እንደ አያቶቻችን ምንሽር ያረጀ መልክ ቤቴ ውስጥ ባሲዘው ያስጠይቀኛል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል።

የሚያስጠይቅዎ ከቀለሙ ይልቅ ቁጥሩ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አጥብቆ የሚይዘው መሣሪያው በማን እጅ እንዳለና በምን ፈቃድ እንደተያዘ ነው። ፈቃድዎ ላይ የተመዘገበውም የዚያ ሽጉጥ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ብረቱ ላይ የሚመታው ሳይጠልቅ ስለሆነ፣ ብርጭቆ ወረቀትም ሆነ አሲድ ቀድሞ የሚበላው እሱን ነው። አንድ አሃዝ ከጠፋ ፖሊስ ፊት የሚቀርቡት ከፈቃዱ ጋር የማይገጥም ሽጉጥ ይዘው ነው። «ላሳምረው ብዬ ነው» ማለት ያን ጊዜ ብዙ አያዋጣም፤ ቁጥር የሚፍቀው በአብዛኛው የተሰረቀ ወይም በኮንትሮባንድ የገባ መሣሪያ የያዘ ሰው ነውና። አገራችን በ1996 ዓ.ም. የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮልም እያንዳንዱ ቀላል መሣሪያ ሲመረት የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት አገርና የራሱ ቁጥር እንዲታተምበት ያዛል።

ለአንጥረኛ ወይም ለሰፈር ጠጋኝ አሳልፈው መስጠትዎም ቀላል ነገር አይደለም። መሣሪያ መጠገን ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሽጉጡ ሌላ ሰው ቤት ቢያድር ደግሞ ሁለታችሁም ተጠያቂ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

«ያረጀ ከመሰለ ቅርስ ነው፣ ፈቃድ አይሻም» የሚል ወሬ በገበያ ይሰማል። አይመኑት። መልኩ ቢያረጅ የሚተኩስ ሽጉጥ ነው።

ዋናው ችግር የሚመጣው ሽያጭ ላይ ነው። አስረጅቶ «የዐድዋ ዘመን ነው» ብሎ ከውጭ ለመጣ ዘመድ መሸጥ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አታላይነት ሊባል ይችላል፤ ቅጣቱም እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። የተታለለው ገዢ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1704 ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችል ነበር፤ አንቀጽ 1810 ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ነገር ግን መሣሪያ ያለ ፈቃድ ተላልፎ ከሆነ ገዢው ክስ ሲመሠርት ራሱንም ያጋልጣል። ስለዚህ ብዙዎቹ ገንዘባቸውን ውጠው ዝም ይላሉ።

ፖሊስ ቢመጣብዎስ? በመርሕ ደረጃ ቤት የሚፈተሸው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ ሕጉ ያለ ትእዛዝ የሚፈቅድባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ፍተሻው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መሆን አለበት። ከተያዙ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ያለመናገር መብት አለዎት፤ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለብዎ። ከተያዙበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ያለው ምክንያታዊ የጉዞ ጊዜ ግን ከ48ቱ ውስጥ አይቆጠርም። ሽጉጡ ከተወሰደብዎ ቁጥሩ የሰፈረበት ደረሰኝ ይጠይቁ።

አሁንም ማስረጀቱን ከፈለጉ አስቀድመው ፈቃዱን ወደሰጠዎ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ ፈቃዱንና ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። የእንጨት እጀታውን ብቻ መቀየር ከበቃዎት ደግሞ ብረቱን አይንኩት።