ለአረጋዊ ወላጅ መጦሪያ ወይም አስታማሚ መምረጥ፦ ከዓለም ጤና እስከ አዳማ

ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ሞጆና ባቱ ከተሞች ውስጥ ብቻቸውን የቀሩ እናትና አባት ብዙ ናቸው። ወንዶቹ ልጆች ለሥራ አዳማና አዲስ አበባ ገብተዋል። ወላጅ ማስታመም ከድሮ ጀምሮ የሚወድቅባቸው ሴቶች ልጆች ደግሞ ብዙዎቹ ዐረብ አገር የሰው እናት እያስታመሙ ነው።

የመጦሪያ ነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው እናት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ፣ ሆስፒታሉ «ውሰዷቸው» ባለበት ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ማንም በደንብ አይመርጥም። «እናቱን መጦሪያ ጣላት» እንዳይባል ፈርቶ ጉዳዩን ሲያዘገይ የኖረ ቤተሰብ በመጨረሻ ያገኘውን ይይዛል። ሐሜቱን ተዉትና ወላጃችሁ በእግራቸው እየሄዱ፣ የሚፈልጉትን መናገር እየቻሉ ጀምሩ።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ

«እርጅና ነው» ተብሎ የተተወ ብዙ ነገር መድኃኒት አለው። ዓይናቸውን ሞራ የሸፈናቸው አባት ቀዶ ሕክምና ካገኙ በኋላ ያለ መሪ ሽንት ቤት መሄድ ሊችሉ ይችላሉ፤ ያኔ መጦሪያው ላያስፈልግም ይችላል። በድንገት የሚቀባዥሩ እናት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟቸው ሊሆን ይችላል። ዓለም ጤና ላይ ምርመራው ካልተሟላ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ድረስ መውሰድ ዋጋ አለው።

የእኛ አካባቢ አንድ የራሱ ጣጣም አለበት። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ይህ ውኃ ጥርስን ከማበለዝ አልፎ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንትንና መገጣጠሚያን ያደድራል፤ በወንጂ ስኳር እርሻ ነባር ሠራተኞች ላይ በጥናት ታይቷል። ጀርባቸው አልቀና፣ አንገታቸው አልዞር ያለ አረጋዊ ካላችሁ ለሐኪሙ የትኛውን ውኃ እየጠጡ እንደኖሩ ንገሩት።

ቀኑንና ሌሊቱን ጻፉ

አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ከወላጃችሁ ጋር ዋሉ፣ እደሩ፤ በየትኛው ሰዓት የማን እጅ እንዳስፈለጋቸው በወረቀት ያዙ። ማን ከአልጋ አነሣቸው? ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሡ? መድኃኒቱን ማን አስታወሳቸው? ምጣድና እሳት ላይ ብቻቸውን ይተዋሉ? ይህ ወረቀት ከሁሉ በላይ ይጠቅማችኋል። በቀን ብቻ እርዳታ የሚፈልግ ሰውና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ያለበት ሰው የሚመረጥላቸው ቦታ በፍጹም አንድ አይደለም።

ያለው ምርጫ

በክፍያ የሚያስተናግድ መጦሪያ በአገራችን ጥቂት ነው፤ ያለውም ይበልጡን አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ለዓለም ጤና ሰው ምርጫው ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ እቤት አስታማሚ መቅጠር፣ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ካለ ልጅ ጋር ማኖር፣ ወይም መጦሪያ ማስገባት።

የበጎ አድራጎት ማዕከላትን ከዚህ ለዩዋቸው። ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የጀመረው መቄዶንያ የተቋቋመው ጧሪ አጥተው ጎዳና ለወደቁ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ነው። ሲስተር ዘቢደር ዘውዴ የመሠረቱት ሜሪ ጆይ ሀዋሳ ላይ የአረጋውያን ማዕከል አለው። የማዘር ቴሬዛ እኅቶችም የሚቀበሉት ማንም የሌለውን ድኻ ሕመምተኛ ነው። አቅም ያለው ልጅ እናቱን እዚያ ሲያስገባ የሌላ ሰው አልጋ ይወስዳል። በእርግጥ ጧሪ የሌለው ጎረቤት ካላችሁ ግን በቀበሌው ወይም በወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ በኩል ጠይቁለት።

ወላጁ አእምሯቸው ደኅና ከሆነ፣ ጎረቤቱም ሰፈሩም ከወደዳቸው፣ እኔ የምመርጠው እቤት አስታማሚ ነው። ቡና የሚጠራቸው ሰው አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ቅርብ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ቀንም ሌሊትም ማስታመም አይችልም። አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ሁለት ተፈራራቂ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ አስታማሚዋ በሦስተኛው ወር ትታመማለች ወይም ትሸሻለች። ተያዥ ጠይቁ፣ የዕረፍት ቀኗን አክብሩ፣ ደመወዟን በሰዓቱ ክፈሉ። ዘመድ ናት ተብላ ከገጠር የመጣች ልጅ ያለ ደመወዝ እንድታስታምም ማድረግ ግፍ ነው።

ገንዘቡን ወንድምና እኅት ተሰብስባችሁ ቁረጡ

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ራሱን መቻል ላቃተው ወላጅ ልጆች ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ ኦሮሚያም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ፍርድ ቤት ሳትደርሱ ግን ማን በወር ስንት እንደሚያወጣ፣ ማን በአካል እንደሚሄድ በወረቀት ላይ አስፍሩና ተፈራረሙ። ከውጭ ብር የምትልክ እኅት «ከፍያለሁ» ብላ፣ አዳማ ያለው ወንድም «እኔ እመላለሳለሁ» ብሎ ሲኳረፉ ወላጅ መሐል ላይ ይቀራሉ። የጡረታ አበል ካላቸው ማን እንደሚያወጣላቸው አሁኑኑ ይወሰን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነታቸውም በየዓመቱ መታደሱን አረጋግጡ።

ሄዳችሁ እዩ፣ ሳትነግሩም ሂዱ

መጦሪያ ስትመርጡ ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ በቀጠሮ ሂዱ፤ ባለቤቱ ያስጎብኛችሁ። ከዚያ በሌላ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ሳትነግሩ ተመለሱ። በር ላይ አቁሞ «ዛሬ ጉብኝት የለም» የሚል ቤት መልሱን ሰጥቷችኋል፤ ሌላ ፈልጉ።

ስትገቡ ሽታውን ልብ በሉ። የሽንት ሽታ በአንድ ክፍል ቢኖር ገና ያልተቀየረ ሰው አለ ማለት ነው፤ ቤቱን ሙሉ ከያዘው ግን ሰው ማነሱን ያሳያል። ዓይን የሚያቃጥል የበረኪና ሽታም ቢሆን ጠዋት ለእናንተ የታጠበ ወለል ሊሆን ይችላል።

የሚያወሩትንና የሚስቁትን ትታችሁ ጥግ ላይ የተኛውን፣ መጠየቅ የማይችለውን ሰው ፈልጉ። ከንፈሩ ደርቋል? የውኃው ብርጭቆ እጁ ይደርስበታል? ጥፍሩ ተቆርጧል? ከራሱና ከአስታማሚው ፈቃድ ጠይቃችሁ ብርድ ልብሱን ከእግር በኩል ገለጥ አድርጉና ተረከዙን እዩ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ካልተገላበጠ ቁስሉ የሚጀምረው ተረከዝ፣ ጭራ አጥንትና ዳሌ ላይ ነው። መጀመሪያ ቆዳው ይቀላል ወይም ይጠቁራል፤ ኋላ ይቆስላል፤ አንዴ ጥልቅ ከሆነ ለወራት አይድንም። ንጹሕ ተረከዝ ያየሁበት ቤት ሌላው ቢጎድለውም ሰው እንዳለው አምናለሁ።

በምሳ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ሳህኑ ቀርቦ፣ መብላት ላልቻለው ማንም ሳያጎርሰው ተመልሶ ሲነሣ ካያችሁ ወላጃችሁ እዚያ ይራባሉ። ስኳር ያለባቸው ምን እንደሚበሉ፣ ጾመኛዋ እናት በጾም ወራት ምን እንደሚቀርብላቸው፣ ሙስሊሙ አባት ለውዱእ ለብ ያለ ውኃ ማግኘት አለማግኘታቸውን ጠይቁ።

አስታማሚዎቹ አረጋውያኑን ምን ብለው ይጠራሉ? «እማማ» ብሎ ስም መጥራትና «አንቺ ሴትዮ» ማለት የሚነግራችሁ ብዙ ነው። ቋንቋውንም እንዳትረሱ። የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው ኋላ የተማረውን ቋንቋ አስቀድሞ ሊረሳ ይችላል። ዕድሜ ልካቸውን ገበያ ላይ አማርኛ ሲናገሩ የኖሩ የቦራ ወረዳ እናት በመጨረሻው ዘመን የሚግባቡት በአፋን ኦሮሞ ብቻ ሊሆን ይችላል። በሌሊት ፈረቃ ቋንቋቸውን የሚሰማ አንድ ሰው እንኳ ከሌለ ውኃ ጠምቷቸው አይነግሩም።

ባለቤቱን እነዚህን ጠይቁ፦ ሌሊት ስንት አስታማሚ ስንት ሰው ይጠብቃል? ነርስ መቼ መቼ ትመጣለች? ሰው ቢታመም ወደ የትኛው ሆስፒታል፣ በምን መኪና ይወሰዳል? የሚጠጣው ውኃ ከየት ነው? ኢንሱሊን የሚቀመጥበት ፍሪጅ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? አዳማና ከዚያ ወዲያ ያለው ቆላ ሙቀቱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይበረታል፤ አረጋዊ ደግሞ ጥሙ ስለሚደክም ውኃ ካልቀረበለት አይጠይቅም። ክረምቱ ሲወጣ ወባ ስላለ በየአልጋው አጎበር መኖሩንም እዩ።

የሠለጠነ ነርስ ያለው፣ ሕንጻው የሚያምር፣ ግን ሩቅ የሆነ ቤት ከአንድ መለስተኛ ቤት ጋር ቢወዳደር እኔ ቅርቡን አስቀድማለሁ። አዲስ አበባ ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፈጣኑ መንገድ ቢኖርም በየሳምንቱ የሚመላለስ ልጅ ጥቂት ነው። ጠያቂ የሚበዛበት አረጋዊ የተሻለ ይያዛል።

ከመፈረማችሁ በፊት

ቤቱ ከሚመለከተው መንግሥታዊ አካል ፈቃድ ይኑረው፤ ማኅበር ከሆነ በአዋጅ 1113/2011 መሠረት መመዝገቡን ጠይቁ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የወር ክፍያው ዳይፐርን፣ መድኃኒትንና የሆስፒታል ምልልስን ይጨምራል ወይስ ለብቻ ነው? ክፍያ የሚጨመረው በስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው? ወላጃችሁን ብታወጡ ቅድሚያ የከፈላችሁት ይመለሳል? ቤት ወይም ቦታ በስጦታ እንዲያዛውሩ፣ ሙሉ ውክልና እንዲሰጡ የሚጠይቅ መጦሪያ ካጋጠማችሁ ሳትፈርሙ ውጡ።

ለወላጃችሁ እውነቱን ንገሯቸው። «ለሕክምና ነው» ብሎ ወስዶ ጥሎ መመለስ ከሁሉ የከፋው ነው። ቢቻል ቦታውን አስቀድመው ያዩት፤ አልወድም ካሉ ለምን እንደሆነ ስሙ። ሲገቡም ጋቢያቸውን፣ መቋሚያቸውን ወይም መስገጃቸውን፣ የለመዱትን ትራስ ይዘው ይግቡ።

የመጀመሪያውን ወር በተለያየ ሰዓት ተመላለሱ። ክብደታቸው ከቀነሰ፣ ክንዳቸው ላይ ምክንያቱ ያልተነገረ የበለዘ ቦታ ካያችሁ፣ ወይም አስታማሚ ሲገባ ዝም ካሉ፣ ምክር ሳታበዙ አውጧቸው።

አንድ ነገር አደራ፦ የዓለም ጤናውን እድር አታቋርጡ። በየወሩ የሚከፍል ሰው መድቡ። ክፍያ ያቋረጠ አባል ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲቀብሩ የኖሩ እናትም በሞቱ ቀን ድንኳን የሚተክልላቸው ያጣሉ።