አጋምንና ምረንዝን ለይቶ ማወቅ

በበጋ ወራት ሣሩ ደርቆ ቃርሚያውም ካለቀ በኋላ በወይና ደጋው ኮረብታ ላይ ቅጠላቸውን ሳያረግፉ ከሚቆዩት አገር በቀል ቁጥቋጦዎች አንዱ አጋም ነው። በአዘዞ ዙሪያ ለሚገኙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አጋምን ለሕያው አጥር የምንመክረው ድርቅን ስለሚችል፣ እሾሁ ከብት ስለሚያግድና ፍሬውም ስለሚበላ ነው። ይሁን እንጂ አጋምን የሚመስል፣ እንደ አጋም ድርቅ የሚችልና በተመሳሳይ ቦታ የሚበቅል ምረንዝ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። ምረንዝ ሰውንም ከብትንም ይገድላል።

ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። ቅጠላቸው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ሲቀነጠስም ነጭ ወተት ያወጣል። አበባቸው ነጭ ሆኖ ወደ ቀይነት ያደላ፣ መዓዛውም ያማረ ነው። ፍሬያቸው ሲበስል ይጠቁራል። የዕፅዋት ሊቃውንት ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1844 ምረንዝን ከአጋም ወገን መድበው ካሪሳ ሺምፔሪ ብለውት ነበር። ዛሬ አኮካንቴራ ሺምፔሪ ሲባል፣ አጋም ደግሞ ካሪሳ ስፒናረም ይባላል። ገበሬው ቢሳሳት እንግዲህ አይፈረድበትም።

ዋናው መለያ እሾህ ነው። አጋም ቅጠሉ ከሚነሳበት ቦታ ጠንካራና ቀጥ ያለ እሾህ ያወጣል፤ ምረንዝ እሾህ የለውም። ሆኖም በአጋም ለጋ ቀንበጥ ላይ እሾሁ ገና ላይታይ ይችላል። እኛም አንድ ጊዜ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ብቻ አይተን ስም ለመስጠት ቸኩለን፣ ተክሉ ካለበት ስንደርስ ተሳስተን አግኝተነዋል። ስለሆነም አሮጌውን ቅርንጫፍ ጭምር፣ ቁጥቋጦውን ከሥር እስከ ጫፍ ማየት ያስፈልጋል። የምረንዝ ቅጠል ወፍራም፣ እንደ ቆዳ የጠና፣ ጫፉ የሾለና ከአጋም ቅጠል የሚተልቅ ነው። በመቅመስ ለመለየት መሞከር ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

የምረንዝ መርዝ ኡዋባይን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ከእንጨቱ ተለይቶ የወጣ ሲሆን የሚያጠቃውም ልብን ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ይህንኑ በፍላጻ ጫፍ ይቀቡት ነበር። የበሰለውን ፍሬ የሚበሉ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ያልበሰለው አደገኛ በመሆኑና ልጆች መብሰሉን በትክክል ስለማይለዩ፣ ፍሬው አይበላም ብሎ ማስተማሩ ይሻላል።

የልማት ሠራተኛው ለችግኝ ጣቢያ የሚሆን የአጋም ዘር ሲያሰባስብ እሾሁን በዓይኑ ካየው እናት ተክል ብቻ ይልቀም፤ ከየት እንደተለቀመ ያልታወቀ ፍሬ አይቀበል። የተመነጠረ ምረንዝ ከብት በሚደርስበት ቦታ አይጣል፣ ለመኖም አይሰጥ፤ እንጨቱም ለሥጋ መጥበሻ ዘንግ አይሁን። ሰው በልቶት ከተገኘ ጊዜ ሳይሰጡ ከተበላው ተክል ቅርንጫፍ ጋር ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል።

ምረንዝን ከየገደሉ ነቅሎ መጨረስ ግን አንመክርም፤ በዚያ ደረቅ መሬት ላይ አፈሩን ይዞ የሚቆይ ተክል ነውና። ማራቅ የሚያስፈልገው ከመኖሪያ ቤት፣ ከችግኝ ጣቢያና ከብት ከሚያድርበት ቦታ ነው።